ግድግዳ የሌለው በር

ሥራዬ የሰው ስብሰባ ማዘጋጀት ነው። ባምቢስ አካባቢ ባለ ቢሮ ተቀምጬ ማን በስንት ሰዓት ይገባል፣ ማን የት ይቀመጣል፣ ማይክራፎኑ ከማን ወደ ማን ያልፋል የሚለውን በደቂቃ እየከፋፈልኩ እጽፋለሁ። እንግዳ ሲዘገይ የምጨነቀው እኔ፣ ሻይ ሲቀዘቅዝ የምሰደበውም እኔ ነኝ። ስለዚህ የራሴ ሰርግ ሲደርስ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት እኔን እንደማይነካኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ስድስት ወር ሲቀረው ሠንጠረዥ ሠራሁ። የሙሽራው ወገን አረንጓዴ፣ የእኛ ወገን ቢጫ፣ እማዬ ሳትጠይቀኝ የጨመረቻቸው ደግሞ ቀይ ነበሩ። በሁለተኛው ሳምንት ሠንጠረዡ እንዳለ ቀላ።

የፈለግሁት የእኛን መልክ የያዘ ሰርግ ነበር። በሥራም በዘመድም ስንት ሰርግ አይቻለሁ! አዳራሹ ያው፣ ከመድረኩ ሥር የሚወጣው የማሽን ጭስ ያው፣ «ሙሽሪት ቀና፣ ሙሽራው ፈገግ» የሚለው ቪዲዮ አንሺ ያው። ሙሽራዋ ከፍ ብላ ተቀምጣ የሚያልፈውን ምግብ በዓይኗ ትሸኛለች። እኔ ግን በሰርጌ ቀን ጠግቤ መብላት እፈልጋለሁ ብዬ ገና ከመጀመሪያው አስታወቅሁ። እጮኛዬም፣ «በቃ፣ ዋናው ነገር አለቀ፤ የቀረው ዝርዝር ነው» አለ።

ከእሱ ጋር የተዋወቅነው የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። እኔ ወደ ከተማው ዳር፣ ወደ አዲሱ ቤታችን ለመሄድ እጠብቃለሁ፤ እሱ የሰንጋ ተራ ልጅ ነው፤ የዚያን ዕለት አክስቱ ቤት እየሄደ ነበር። ዝናብ ሊጥል ሲል አንድ ጎረምሳ ሰልፉን ጥሶ ገባ። ሰማይን የሚያህል አፍ ተከፍቶ አየሁ የሚል ሰው ካለ ያ አፍ የእኔ ነው። ልጁ ጅራቱን ቆልፎ ወጣ። ከኋላዬ የቆመው ሰው ሲስቅ ሰማሁና ዞር ብዬ የተረፈኝን ለእሱ ሰጠሁት። እሱ እስከ ዛሬ ድረስ «ሰድባኝ የተዋወቅኋት ብቸኛዋ ሴት እሷ ናት» እያለ ለሰው ያወራል።

ስለዚህ ሊሞዚን ቀረ፤ በሚኒባስ ታክሲ እንሄዳለን ተባለ። ሰማያዊና ነጭ፣ ያው ሠርክ የምንጋፋበት ዓይነት። ከሚዜዎቹ አንዱ ረዳት ሆኖ በሩ ላይ ተንጠልጥሎ ይጣራል። ጣሪያው ላይ ያለው ታፔላ ተነሥቶ «ሰንጋ ተራ – ትዳር» የሚል ይሰቀላል። እማዬ ይህን ስትሰማ እጇን አናቷ ላይ ጭና፣ «ሰው ምን ይለናል? ልጃቸውን በታክሲ ዳሩ አይለንም?» አለች። «ኮንትራት ነው፣ እማዬ» ብዬ አጽናናኋት።

ያላሰብኩት አባዬን ነበር።

አባዬ አናጢ ነው። ሠላሳ ምናምን ዓመት ካዛንቺስ በአንድ የቀበሌ ቤት ኖረ። ያ ቤት ጭቃ ነው፤ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አንድ ጥግ ላይ ሰመጥ ያለ። በሩን ግን ራሱ ነው የሠራው፤ እኔ በተወለድኩበት ዓመት፣ ከወፍራም ጣውላ፣ ሰማያዊ ቀለም ቀብቶ። በሩ አንድ አመል ነበረው። ቤቱ እየሰመጠ ሲሄድ እሱም አብሮ ስለዘመመ ዝም ብለህ ብትገፋው አይከፈትም። እጀታውን ይዘህ ትንሽ ከፍ ማድረግ፣ ከዚያ መግፋት ነው። ሰፈሩ በሙሉ ያንን አመል ያውቅ ነበር፤ ሕፃናቱ እንኳን በእግር ጣታቸው ቆመው ከፍ አድርገው ይገፉ ነበር። እማዬ «የአናጢ ቤት በር!» እያለች ዕድሜ ልኳን ስታሾፍበት አባዬ አንድ ቀን እንኳን ሊያስተካክለው አልተነሣም።

አባዬ ሌላም ልማድ ነበረው፤ እንግዳ መሸኘት። ሌላ ሰው እንግዳውን ደህና ሁን ይልና ይቀመጣል። አባዬ ተነሥቶ በሩን ከፍቶ፣ ደፉ ላይ ቆሞ፣ እጀታውን በአንድ እጁ እንደያዘ፣ ውስጥ ሳሉ ያልተነሣውን ጨዋታ ሁሉ እዚያ ይጀምረዋል። ግማሽ ሰዓት፣ አንዳንዴ አንድ ሰዓት። እማዬ ከውስጥ «ኧረ አንተ ሰውዬ፣ እንግዶቹን ልቀቃቸው!» ብላ ካልጮኸች ማንም አይለቀቅም።

ሰፈሩ ለልማት ሲነሣ ጎረቤቱ በከተማው አራቱም ማዕዘን ተበተነ፤ ለእኛም ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ደረሰን። ዕቃ በሚጫንበት ቀን አባዬ ከሁሉ በፊት በሩን ከማጠፊያው ነቅሎ አይሱዙው ላይ ጫነ። እማዬ፣ «በር ያለው ቤት ሰጥተውን በር ተሸክመን እንሂድ?» ብላ አበደች። በሩ በረንዳ ላይ ቆመ፤ ልብስ ማስጫ ሆነ። አባዬ ደግሞ ሶፋው ላይ ተቀመጠ። አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚመጣ እንግዳ የለም፤ ስለዚህ የሚሸኝም የለም። ለፍቶ አዳሪው አባቴ በሁለት ዓመት ውስጥ ቃል የሚቆጥብ ሰው ሆነ። አንድ ቀን እንኳን ወደ ካዛንቺስ ተመልሶ አልሄደም።

እንግዲህ ሠንጠረዤን በወረቀት አትሜ ፊቱ ዘረጋሁለት። መነጽሩን አድርጎ ከላይ ጀምሮ አነበበና ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «አራት ሰዓት፦ ሙሽራው ሙሽሪትን ከቤት ሊወስድ ይመጣል» ይላል።

«ከየትኛው ቤት?» አለ።

መልሱ ተዘጋጅቶ ነበር። ካዛንቺስ ከቤታችን ፊት ለፊት ሱቅ የነበራቸው ሴትዮ አሉ፤ ሁላችንም የሱቋ እትዬ ነው የምንላቸው። ሱቃቸው ለመንገዱ ሄደ፤ ከኋላው ያለው ሣር የለበሰ ግቢያቸው ግን ተርፏል። አዳራሽ ልከራይ እንደሆነ ሲሰሙ፣ «ይሄ ሁሉ ግቢ እያለ? እኔን ለመስደብ ነው?» ብለው በስልክ ተቆጡ። ሰርጉ እዚያ ይሆናል፤ ሙሽራው መጥቶ በራቸውን ያንኳኳል፤ የድሮ ጎረቤቶቻችን ይመጣሉ።

አባዬ ወረቀቱን አጠፈው። «እሱ የእሳቸው በር ነው። እኔ ልጄን ከሰው በር ላይ አልሸኝም። እመጣለሁ፣ እንደማንኛውም እንግዳ ቁጭ ብዬ እበላለሁ። ሽኝቱን ግን ለአጎትሽ ስጪው» አለ።

ነገሩ የገባው ይገባዋል። በእኛ ወግ ሙሽራው ከነአጃቢው ሲመጣ ሴቶቹና ልጃገረዶቹ በሩን ዘግተው እየዘፈኑ አናስገባም ይሉታል። ይለመናል፣ ሽቶ ይረጫል፣ ይሳቃል፤ በመጨረሻ አባት «ግባ» ብሎ መርቆ ልጁን ይሰጠዋል። ያችን አንዲት ደቂቃ ነበር ከሰርጉ ሁሉ የፈለግኋት። ሌላው ቢበላሽ ግድ አልነበረኝም። አባቴ እንደ እንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ አጎቴ ከማይክራፎን ጋር እየታገለ ሲመርቀኝ በዓይነ ሕሊናዬ አየሁ።

«ታዲያ ከዚህ ከኮንዶሚኒየሙ ልውጣ?» አልኩት።

«አራተኛ ፎቅ ላይ ማን ነው በር የሚዘጋባቸው? ከጎናችን ማን እንደሚኖር እንኳን እናውቃለን?»

እውነቱን ነው፤ አናውቅም ነበር።

ከዚያ በኋላ ያልተሞከረ ነገር የለም። እማዬ ለመነችው። እጮኛዬ ደግሞ ሽማግሌዎቹን እንደገና ላካቸው፤ በአዲስ አበባ ታሪክ ልጅቷ ከተሰጠች በኋላ አባቷን ሊለምኑ የተላኩ ሽማግሌዎች እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሦስቱም ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አራት ፎቅ በእግራቸው ወጥተው መጡ፤ ትንፋሻቸው እስኪመለስ ሩብ ሰዓት ጠበቅናቸው። «ልጅቱን ሰጥተውናል፤ አሁን ደግሞ ራስዎን ይስጡን» አሉ ታላቅየው። አባዬ በአክብሮት አዳመጠ፤ ምሳ ጋበዘ፤ እምቢ አለ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

እነሱ በወጡ ማግሥት እኔ ፈነዳሁ። ቁጣዬ የእማዬ ነው፤ ቀስ ብሎ አይሞቅም፣ ገንፍሎ ነው የሚታየው። «አንድ ጊዜ ነው የማገባው! ከሰው በር አልሸኝም፣ ከዚህም አልሸኝም ትላለህ፤ ታዲያ ምን ላድርግ? እንግዲያው ያንን በርህን ተሸክመህ ናልን!» አልኩት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ፤ ቃሉን ልመልሰው ብል መመለሻ የለውም። አባዬ ቀና ብሎ አየኝና ወደ በረንዳው ወጣ። ልብሱን ከበሩ ላይ አንድ በአንድ አንሥቶ አጣጥፎ ለእማዬ ሰጣት። ሦስት ቀን በኀፍረት ቢሮ እያመሸሁ ሠንጠረዤን ስነካካ ሰነበትኩ።

በአራተኛው ቀን ከሥራ ስመለስ ደረጃው ላይ ሳለሁ አንድ ድምፅ ሰማሁ፤ ሸር፣ ሸር፣ ሸር። በረንዳው በእንጨት ብናኝ ተሸፍኗል። አባዬ እጅጌውን ሰብስቦ፣ እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ፣ በሩን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጋል። አላየኝም ወይም ያላየ መሰለ። ጥቂት ቆይቶ ዞር ሳይል፣ «የልጁ ቁመት ስንት ነው?» አለኝ።

«የየትኛው ልጅ?»

«ከታክሲ ሰልፍ ያመጣሽው ነዋ!»

ቁመቱን ነገርኩት። «ጎንበስ ብሎ ይገባል» አለና ፈተጋውን ቀጠለ። ወጥ ቤት ገብቼ እማዬን አቅፌ አለቀስኩ፤ እሷም «ዕቃ ላይ አታልቅሺ» ብላ አባረረችኝ።

ያሰበው ነገር ይህ ነበር። መቃን ይሠራል፤ መቃኑን በሁለት ሰፋፊ እግሮች ላይ ያቆመዋል፤ በሩን ይሰቅልበታል። ከዚያ ሣሩ መካከል ይተከላል። ከበሩ ወዲህ ቤት ነው፣ ከበሩ ወዲያ ደጅ ነው። ግድግዳ የለም። «ግድግዳውን መንግሥት ወስዶታል፤ በሩ ግን የእኔ ነው» አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ ሲቀልድ መስማቴ ነበር።

ቦታውን ለመለካት በአንድ ቅዳሜ አብረን ሄድን። ከደምበል በእግራችን ነው የሄድነው፤ እንዲያ የፈለገው እሱ ነው፤ በታክሲ ቶሎ መድረስ ሳይፈራ አልቀረም። ካዛንቺስ ስንገባ መንገዱ ሰፍቷል፣ መብራቱ ተደርድሯል፣ አበባ ተተክሏል፤ አያስጠላም፣ ግን አያውቀንም። አባዬ አንድ የተረፈ ጽድ አገኘና ከእሱ ተነሥቶ እርምጃውን እየቆጠረ ሄደ። ቆጠረ፣ ቆጠረና አንድ ቦታ ላይ ቆመ። የቆመው የብስክሌት መንገድ ላይ ነው። አንድ ወጣት ከኋላው ደወሉን እያቃጨለ መጥቶ፣ «አባባ፣ መንገዱን ቢለቁልኝ» አለው።

«ልጄ፣» አለ አባዬ፣ «ሳሎኔ ውስጥ ነው የምትነዳው።»

ልጁ ግራ ገብቶት እኔን አየኝ፤ እኔ ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። አባዬም ሳቀ። እንባውን በመሀረቡ ጠርጎ ለብስክሌቱ መንገድ ለቀቀለት።

የሱቋ እትዬ ግቢያቸው በር ላይ ቆመው ይጠብቁት ነበር፤ «አንተ የጠፋህ!» ብለው በሁለት እጃቸው ትከሻውን ደበደቡት። እሱ ግን ወዲያው ሜትሩን አወጣ። ሣሩ ላይ ተንበርክኮ ውሃ ልኩን አስቀመጠና አየ፤ ከዚያ መሬቱን በአንድ በኩል መፋቅ ጀመረ። አናጢ ውሃ ልክ የሚይዘው ሥራው እንዲቃና ነው። አባቴ ግን በሩ ልክ እንደ ድሮው ዘመም ብሎ እንዲቆም ነበር የሚለካው።

«ለምን በዚያውም አታቃናውም? በቀላሉ ይከፈት ነበር እኮ» አልኩት።

«ያን ጊዜ ሌላ በር ይሆናላ» አለ።

ዋዜማው ደረሰ። በሩ ከአራተኛ ፎቅ መውረድ አለበት። አባዬና እኔ አንሥተነው ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስንደርስ መታጠፊያው ላይ ተቀረቀርን። እኔ እንደ ልማዴ ስጮኽ ሁለት በሮች ተከፈቱ። ከአንዱ ሻሽ ያሰሩ እናት ከነልጆቻቸው ብቅ አሉ፣ ከሌላው ፒጃማ የለበሰ ጎልማሳ። «ቀና በሉት! ወደ ግራ! አይ፣ ወደ እኔ ግራ!» እየተባለ በሩ ወረደ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ታች ስንደርስ አባዬ ላቡን እየጠረገ አያቸው፤ ሁለት ዓመት አብረውት የኖሩ ጎረቤቶቹ ናቸው። «ነገ የልጄ ሰርግ ነው፤ እንዳትቀሩ» አላቸው። ሠንጠረዤ ላይ አሥራ አንድ ቀይ ሰው ተጨመረ።

ሚኒባሱ በሩን ጣሪያው ላይ ባለው ፖርቶመጋላ ጭኖ ካዛንቺስ አደረሰው። መቃኑ ሣሩ ላይ ተተከለ። ሁሉም ነገር ተስተካክሏል ብዬ ስደሰት፣ አባዬ መዶሻውን እየሰበሰበ፣ «ምርቃቱ ግን የአጎትሽ እንደሆነ ይቅር» አለኝ።

«ምን ማለት ነው? በሩ ያንተ ነው አላልክም?»

«በሩን አመጣሁልሽ። ከኋላው እቆማለሁ። አፌን ከፍቼ ልናገር ስል ግን ጉሮሮዬ ይያዛል። በሰው ፊት ማልቀስ አልፈልግም፤ ተይኝ።»

ይህን ጊዜ አልጮህኩም። ወረቀቴን አውጥቼ «ምርቃት» ከሚለው ፊት የእሱን ስም ሰረዝኩ። የአጎቴን ግን አልጻፍኩበትም፤ ሳጥኑን ባዶ ተውኩት። በሥራዬ ዘመን ባዶ ሳጥን ትቼ ስብሰባ የገባሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ጠዋት ግቢው በሰው ተሞላ። ከአራቱም ማዕዘን መጡ፤ ሁለት ታክሲ፣ ሦስት ታክሲ ቀይረው የመጡ አሉ። ገና ሲገቡ በሩን ያዩታል፤ ሣሩ መካከል ብቻውን የቆመውን ሰማያዊ በር። አንዳንዶቹ ሳቁ። አንዷ ጎረቤታችን ግን ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በሩ ፊት ቆመው፣ «ቤቶች!» ብለው ተጣሩ። እማዬ ከወዲያኛው ወገን «ይግቡ!» አለቻቸው። እጀታውን ይዘው ከፍ አድርገው ገፉና ገቡ። ከዚያ በኋላ የድሮ ሰፈሬ ሰው ሁሉ እንዲያ አደረገ፤ ማንም በጎን አልዞረም። እኔ በሙሽራ ልብሴ፣ ከበሩ ወዲህ፣ «ሳሎናችን» ውስጥ ከሴቶቹ ጋር ቁጭ ብዬ ዳቦ እየቆረስኩ እበላ ነበር።

አራት ሰዓት ከሃያ ላይ ከውጭ ጩኸት መጣ፤ «ካዛንቺስ፣ ካዛንቺስ፣ ካዛንቺስ! ወራጅ አለ!» ሚዜው ታክሲው በር ላይ ተንጠልጥሎ ይጮኻል፣ መንገደኛው ቆሞ ይስቃል። የግቢው ትልቅ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር፤ ሰርገኞቹ ማንም ሳይከለክላቸው ሰተት ብለው ገቡ። ከዚያ ግድግዳ የሌለው በር ፊት ሲደርሱ ተከለከሉ።

የሱቋ እትዬ ከበሮውን አነሡ። ሴቶቹ ከበሩ ወዲህ ተደርድረው ዘፈኑ፤ አትገቡም፣ አናውቃችሁም፣ ተመለሱ ይሏቸዋል። ሰርገኞቹ ከወዲያ ይለምናሉ። በጎን ሙሉ በሙሉ ይተያያሉ እኮ! እጮኛዬን ከነክራቫቱ አየዋለሁ፤ እሱም ዳቦ ስጎርስ ያየኛል። ሚዜዎቹ ሽቶ ረጩ፣ ከረሜላ በተኑ፣ አንዱ ተንበረከከ። ሩብ ሰዓት ያህል ከተጨቃጨቁ በኋላ የሱቋ እትዬ ከበሮውን አስቀምጠው፣ «እሺ፣ ምስኪን ናቸው፣ ይግቡ!» አሉ። እልልታው ቀለጠ።

እጮኛዬ በሩን ገፋ። አልተከፈተም።

ያኔ ነው የገባኝ። በሠንጠረዤ ላይ የአበባውን ቀለም ጽፌአለሁ፣ የማንኪያውን ብዛት ጽፌአለሁ፤ ሙሽራው በሩን እንዴት እንደሚከፍት ግን አልጻፍኩም። እሱ ከሰፈሩ መፍረስ በኋላ ነው የመጣው፤ ያንን በር አንድም ቀን ከፍቶት አያውቅም። እኛ ደግሞ ያንን አመል የማያውቅ ሰው በዓለም ላይ ይኖራል ብለን አስበን አናውቅም።

እንደገና ገፋ። በትከሻው ገፋ። መቃኑ ተንቀጠቀጠ። ሰው መሳቅ ጀመረ። ከሚዜዎቹ አንዱ ትዕግሥቱ አልቆ፣ «ማለቴ... በዚህ በጎን ብንገባስ?» ብሎ አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሲራመድ የሱቋ እትዬ ጣታቸውን ቀሰሩበት።

«ወዴት ነው? ግድግዳ ሰርስረህ ልትገባ ነው?»

ልጁ ደንግጦ፣ «ይቅርታ እትዬ» ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ሳቁ በረደ። ሁሉም ያውቃል፤ ሁሉም መናገር ይችል ነበር። እኔ ራሴ አፌን ከፍቼ ነበር። እማዬ ክንዴን ያዘችኝና በዐይኗ አባዬን አሳየችኝ። ጎረቤቱ በሙሉ እሱን ነበር የሚያየው። አባዬ ከበሩ ኋላ ቆሟል፤ እጁ እጀታው አጠገብ ነው፣ ግን አይነካውም። ከወዲያ እጮኛዬ መግፋቱን ትቶ ግንባሩን በሩ ላይ አስደግፎ፣ ቀስ ብሎ፣ «አባባ፣ አልቻልኩም። እንዴት እንደሆነ ይንገሩኝ» አለ።

አባዬ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ልጄ፣» አለ፣ ድምፁ እየተቆራረጠ፣ «ጉልበት አይወድም። እልህም አይወድም። እየው፣ ያዘውና ትንሽ ከፍ አድርገው። ከፍ ካደረግኸው በኋላ ቀስ ብለህ ግፋው። ይከፈትልሃል።»

ከኋላችን የተቀመጡት የድሮ ሰፈራችን ሽማግሌዎች፣ የአባዬ ድምፅ ከጠፋ ስንት ጊዜው ነውና፣ ሌላ አልጠበቁም። ባርኔጣቸውን አንሥተው በአንድ ድምፅ «አሜን!» አሉ። ሴቶቹ ተከተሉ፤ «አሜን!» አሉ። ከሦስተኛ ፎቅ የመጡት እናትም «አሚን!» አሉ። አባዬ ደንግጦ ዞር አለ፤ መመረቁ መሆኑን ያወቀው ያን ጊዜ ይመስለኛል። ከዚያ እጮኛዬ ከፍ አድርጎ ገፋ፤ ያ የማውቀው ጩኸት፣ ልጅነቴን ሁሉ ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ የማጠፊያ ጩኸት ተሰማ። ሙሽራው ጎንበስ ብሎ ገባ። ፊቴን ያስዋበችኝ ልጅ እንዳላለቅስ በጥብቅ አስጠንቅቃኝ ነበር፤ ምክሯን አልሰማሁም።

ከዚያ በላን፣ ጠጣን። እኔ ሁለት ጊዜ በላሁ፤ ለምስክር ፎቶ አለኝ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ወደ ሰንጋ ተራ መሄጃችን ደረሰ። «ሰንጋ ተራ የሞላ!» እያለ ሚዜው መጣራት ጀመረ። እንግዳውም ተነሣ። ይሄኔ በሩ ላይ አንድ ነገር አየሁ፤ ሰልፍ። ያ ሁሉ ሰው፣ የድሮ ጎረቤቱም፣ የኮንዶሚኒየሙም፣ የሙሽራውም ወገን፣ ግራ ቀኙ ክፍት ሆኖ ሳለ በአንዲት በር ለመውጣት ተራ ይዟል። አባዬ ደፉ ላይ ቆሞ እጀታውን በግራ እጁ ይዞ እያንዳንዱን በቀኝ እጁ ይጨብጣል፣ ይስማል፣ ይሸኛል። ሰልፉ አይንቀሳቀስም፤ ምክንያቱም ከእያንዳንዱ ጋር ጨዋታ ይጀምራል። የእኔ ተራ ሲደርስ ጉንጬን ሳመኝና፣ «በይ ሂጂ፣ ታክሲው እንዳያመልጥሽ» አለኝ። ወዲያው ከኋላዬ ቆሞ ወደነበረው ሰው ዞረ።

ታክሲው ሲነሣ በኋላው መስኮት አየሁ። አንድ ሽማግሌ መቃኑን ተደግፈዋል፣ ሌላው በእጃቸው የሆነ ነገር እየለኩ ያወራሉ፣ አባዬ እጀታውን እንደያዘ ይስቃል። እማዬ ከ«ውስጥ» ሆና ስትጮኽ እስከ መንገዱ ድረስ ተሰማ።

«ኧረ አንተ ሰውዬ፣ እንግዶቹን ልቀቃቸው!»